አንድ መሬት ሁለት ጊዜ አይቆፈርም

(ለተማሪዎችና ለመምህራን በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። የቆማችሁት ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ባዶ ወንበር ሞልቷል። የፊተኛው ረድፍ በየስብሰባው ባዶ የሚቀረው ለምን እንደሆነ ራሱን የቻለ የአንትሮፖሎጂ ጥናት ይወጣዋል።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በየመሀሉ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ አላደክማችሁም።

ሥራዬ ቁፋሮ መሆኑን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ወርቅ አግኝተህ ታውቃለህ?» አላገኘሁም። ባገኝስ? ወርቅ የትም ወርቅ ነው። ከምን ያህል ጥልቀት ወጣ? ከጎኑ ምን ነበር? ከላዩ የነበረው አፈር ተነክቷል ወይስ አልተነካም? ይህን ካላወቅሁ በእጄ የያዝኩት ጌጥ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሦስት ነገር ላወራችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ጥንታውያን ራሳቸው ከእነሱ በፊት ስለነበረው ዘመን እንዴት ይመረምሩ እንደነበር። ሁለተኛ፣ ቁፋሮ ከሀብት ፍለጋ ወጥቶ እንዴት እውቀት እንደሆነ፣ ቤተ ሙከራም ምን እንደጨመረለት። ሦስተኛ፣ በሕይወት ስላሉት ሰዎች ጥናት። በሦስቱም ውስጥ ደጋግሜ የምላት አንዲት ነገር አለች፤ ከአሁኑ ልንገራችሁና በኋላ አትሰልቹኝ፦ አንድ መሬት ሁለት ጊዜ አይቆፈርም።

እንግዲህ ወደ አንደኛው። ያለፈውን መቆፈር የዘመናችን ፈሊጥ የሚመስለን ብዙዎች ነን። አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ባቢሎንን የገዛ ናቦኒደስ የሚባል ንጉሥ ነበር። ሲጳር በምትባል ከተማ የፀሐይ አምላክን ቤተ መቅደስ ሊያድስ ተነሣ፤ የቀድሞውን መሠረት ሳያገኝ ግን አዲስ መጣል አልፈለገም። አስቆፈረ። ናራም-ሲን የተባለ የጥንት ንጉሥ ያኖረውን መሠረት አገኘ። ደስታውን በሸክላ ላይ አስጽፎ ትቶልናል፤ ይህን መሠረት ለ3,200 ዓመት ያየው ንጉሥ የለም ይላል።

ዛሬ እንደምናውቀው በሁለቱ ነገሥታት መካከል ያለው ጊዜ 1,700 ዓመት ገደማ ነው። እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ስህተት! እኔ ግን አልፈርድበትም። በእጁ ምን ነበረው? የነገሥታት ዝርዝርና ግምት። አፈሩን «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም። ያ መንገድ እስኪገኝ ሌላ 2,500 ዓመት ማለፍ ነበረበት።

ቀጥሎ ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ። ይሄን ሰው እወደዋለሁ። አቴናውያን በጦርነት መሀል ሳሉ ዴሎስ የምትባለውን ደሴት እናንጻ ብለው የተቀበረውን ሁሉ ከመቃብር አወጡ። ነገሩ ሃይማኖት ነው፤ ለጥናት ያሰበ ማንም አልነበረም። ቱሲዲደስ ግን አንድ ነገር ጻፈ፦ ከተቀበሩት ከግማሽ በላዩ ካሪያውያን የሚባሉ የሌላ ሕዝብ ሰዎች ናቸው። በምን አወቀ? አብረዋቸው ከተቀበሩት የጦር መሣሪያዎች ዓይነትና ከአቀባበራቸው፤ ካሪያውያን በእሱም ዘመን እንደዚያው ይቀብሩ ነበርና። ልብ በሉልኝ! የሞተውን ለመለየት በሕይወት ያለውን አየ። አርኪዮሎጂና አንትሮፖሎጂ በአንድ ዓረፍተ ነገር! እኛ ዛሬ በሁለት ሕንፃና በሁለት በጀት ለያይተናቸው እንጨቃጨቃለን። (ሳቅ)

ሰውን አብሮት በተቀበረው መሣሪያ መለየት፤ ይህችን አመክንዮ ያዙልኝ። በኋላ እመለስባታለሁ፤ ጉድ አለባት።

አል-ቢሩኒን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ነውር ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ስለ ሕንድ ሕዝብ ሊጽፍ የተነሣ ሊቅ ነው። መጀመሪያ ምን አደረገ? ቋንቋቸውን ሳንስክሪትን ተማረ፤ ሊቃውንታቸውን ጠየቀ፤ የሚያምኑትንም እነሱ እንደሚሉት አድርጎ አስቀመጠ። ከእሱ በኋላ በብዙ መቶ ዓመት የመጡ ስንት ተጓዦች ሦስት ሳምንት ቆይተው፣ በአስተርጓሚ አውርተው፣ ስለ አንድ ሕዝብ ጠባይ ወፍራም መጽሐፍ ጻፉ?

ሁለተኛው ነገሬ ቁፋሮው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ1870ዎቹ ሃይንሪክ ሽሊማን የሚባል ጀርመናዊ ነጋዴ በዛሬዋ ቱርክ፣ ሂሳርሊክ በተባለ ጉብታ ላይ፣ በጥንቱ የግሪክ ግጥም የምትወራውን ትሮይን ሊያገኝ ገባ። ቦታውን አልሳተም፤ ይህ ይመሰገንለት። ጉብታው ግን አንድ ከተማ አልነበረም። ከተማ ሲፈርስ በላዩ ሌላ እየተሠራ የተደራረበ፣ ኋላ ዘጠኝ ዋና ዋና ንብርብሮች የተለዩበት ቦታ ነው። ሽሊማን የፈለገው ከታች ይሆናል ብሎ ስላመነ በጉብታው መሀል ትልቅ ቦይ ሰንጥቆ ወረደ። በ1873 ወርቅ አገኘ፤ «የንጉሥ ፕሪያም ሀብት» ብሎ ለዓለም አወጀ። ወርቁ የወጣበት ንብርብር ግን እሱ ከሚፈልገው ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ይቀድማል። የሚፈልጋትን ከተማ ፍርስራሽ ደግሞ ሲወርድ ቆርጦ አልፎበታል። ማን ይመልሰዋል? ማንም። አንድ መሬት ሁለት ጊዜ አይቆፈርም።

በዚያው ዘመን መጨረሻ ላይ ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች መጡ። በእንግሊዝ አገር ጄኔራል ፒት-ሪቨርስ የማይረባ የሚመስለውን ስባሪ ሁሉ ከነቦታው መመዝገብ ጀመሩ። ፍሊንደርስ ፔትሪ ደግሞ ግብፅ ውስጥ ምንም ጽሑፍ የሌላቸው በጣም ብዙ ጥንታዊ መቃብሮች ገጠሙት። ንጉሥ የለ፣ ዓመት የለ። ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል? የየመቃብሩን ዕቃ በወረቀት ቁራጭ ላይ እየጻፈ ቁራጮቹን ይደረድር ጀመር። መሪ የሆነው አንድ የማሰሮ ዓይነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ላይ ጎንና ጎኑ ያለው እጀታ ጎበጥ ጎበጥ ያለ፣ በእርግጥ የሚያዝ ነው። ቀጥሎ እየተጣበቀ፣ እያነሰ ይሄዳል። በመጨረሻም ማሰሮው ላይ የቀረው ሞገድ የመሰለ ጌጥ ብቻ ነው። የጌጡ መነሻ እጀታ እንደነበረ ሠሪው ራሱ ሳይረሳው አልቀረም። ፔትሪ ይህን ተከትሎ መቃብሮቹን በቅደም ተከተል አስቀመጣቸው፤ አንዲት ፊደል ሳይኖር።

አሁን ከራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ፣ በመጀመሪያ የቁፋሮ ልምምዴ ላይ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነች መሬት ተሰጠችኝ። አብረውኝ የነበሩት ዕድሜያቸውን በቁፋሮ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ዲግሪ የላቸውም፤ እዚያ የነበርነውን ባለዲግሪዎች ሁሉ ግን ያስተምሩን ነበር። መዳፍ በምታክል ጠፍጣፋ ብረት አፈሩን እየፋቅን እንሄዳለን። ድንገት እጄን ያዙኝ። «ቆይ። ሰማህ?» ምን እሰማለሁ፤ ብረት አፈር ሲፍቅ ነው። «እስቲ እዚህ ፋቅ። አሁን ደግሞ እዚህ።» ለካ ድምፁ ይለያል! አንደኛው ቦታ ጠጠር ሲፋቅ እንደሚለው ኮሸሸ ይላል፤ አንደኛው ዝም ያለ፣ የላላ ነው። ውኃ ረጨት አደረጉበት። አፈሩ ሲረጥብ መዳፍ የሚያክል ጠቆር ያለ ክብ ብቅ አለ። ጥርት ያለ ክብ። «ይሄ ግንድ ቆሞበት ነበር» አሉኝ።

ግንዱ የለም፤ ከበሰበሰ ቆይቷል። የቀረው ግንዱ የነበረበት ጉድጓድ የሞላበት አፈር ቀለም ብቻ ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ ክብ፣ ከዚያም ሌላ ወጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክቦቹ ጎበጥ ያለ መስመር ሠርተው የአንድ ቤት ግድግዳ ሆኑ። ያን ቀን በወንፊታችን ላይ አንዲት ገል እንኳ አልቀረችም። ግን ቤት አገኘን! በዶማ ገብተንበት ቢሆን ኖሮ ያ ቤት በሁለት ደቂቃ ውስጥ አፈር ሆኖ ይጣል ነበር፤ መኖሩንም ሳናውቅ።

እሺ፣ ቤተ ሙከራስ ምን ጨመረ? በ1949 ዊላርድ ሊቢ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ናቦኒደስ ያጣውን መንገድ አገኘ። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በአየር ውስጥ ካርቦን 14 የሚባል ነገር ይፈጥራል። ዛፉም፣ በሬውም፣ እኛም በሕይወት ሳለን እናስገባዋለን። ስንሞት ማስገባት እናቆማለን፤ የገባው ደግሞ በ5,730 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። የቀረውን ለካችሁ ማለት መቼ እንደሞተ አወቃችሁ ማለት ነው። የሊቢ ብልሃት መለካቱ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ዕድሜው ከታወቀ የግብፅ መቃብር የወጣ እንጨት ላይ ሞከረው። የሚታወቀውን በትክክል ካልነገረኝ የማይታወቀውን እንዴት አምነዋለሁ አለ። ተማሪዎች፣ ይህን ጻፉት።

ካርቦን 14 ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አይዘልቅም፤ የሚለካ ነገር አይቀርም። ታዲያ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኗ በምን ታወቀ? አጥንቷ ተለክቶ አይደለም። የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ነው የተለካው። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ በማዕድኑ ውስጥ የነበረው አርጎን የሚባለው ጋዝ በሙቀቱ ያመልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ከፖታሲየም እየተወለደ እንደገና ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ዕድሜውን ይናገራል። እንግዲህ አጥንቷን ከመሬት አንስቶ ኪሱ የከተተ ሰው ቢኖር ኖሮ ዕድሜዋን እዚያው መሬቱ ላይ ጥሎት ይሄድ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ታላላቅ ግኝቶች የት ነው የሚገኙት? ሜዳ ላይ ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ ብዙዎቹ መጋዘን ውስጥ ናቸው እላለሁ። ከተቆፈሩና «አለቀላቸው» ከተባሉ በኋላ።

በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር፣ በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ፣ ተራራ የሚወጡ ባልና ሚስት ሬሳ አገኙ። መጀመሪያ በቅርብ የሞተ ተጓዥ ነው ተብሎ ሲያወጡት ዳሌውን በመሰርሰሪያ ጎዱት። ሰውየው የሞተው ከ5,300 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ኤትሲ ይባላል። በዓለም እንደሱ የተመረመረ ሬሳ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሆኖም በግራ ትከሻው ውስጥ የቀስት ጫፍ ተሰክቶ መኖሩ በራጅ የታየው በ2001 ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በብርድ ሞተ፣ ወድቆ ሞተ ሲባል ነበር። ጨጓራው ደግሞ ከቦታው ወደ ላይ ሸሽቶ ስለነበር እስከ 2009 ድረስ ማንም አልለየውም። ሲከፈት የተራራ ፍየል ሥጋ፣ የአጋዘን ሥጋና የጥንት ስንዴ ተገኘበት።

ያቆየሁትን የቱሲዲደስን ነገር አልረሳሁትም። በ1878 ስዊድን ውስጥ ቢርካ በምትባል ጥንታዊ ከተማ አንድ መቃብር ተቆፈረ። ሰይፍ፣ መጥረቢያ፣ ጦር፣ ቀስቶች፣ ሁለት ፈረሶች። ማን ይመስላችኋል የተቀበረው? ጀግና! ወንድ! መሣሪያው ይናገራል አሉ። ከመቶ ዓመት በላይ እንደዚያው ተባለ። በ1970ዎቹ አጥንቱ ሲመረመር የሴት ሊሆን እንደሚችል ተጠቁሞ ነበር፤ ሰሚ አልተገኘም። በ2017 የዲኤንኤ ምርመራ ውጤት ወጣ፦ ሴት ናት። ያን ጊዜ ምን ተባለ መሰላችሁ? «እንግዲያው ተዋጊ ላትሆን ትችላለች፤ መሣሪያው የክብር ይሆናል።» ወንድ ሳለች ማን ይህን ጠየቀ? ጥያቄው ራሱ ተገቢ ነው፤ መሣሪያ አብሮት የተቀበረ ሁሉ ተዋጊ ላይሆን ይችላል። ግን 139 ዓመት ዘግይቶ መጣ።

ሰው የሚያምነውን ነው የሚያየው። በ1912 እንግሊዝ አገር ፒልትዳውን ላይ «የመጀመሪያው ሰው» ተገኘ ተባለ፤ ትልቅ አእምሮ፣ የዝንጀሮ መንጋጋ። አእምሯችን ቀድሞ አደገ፣ ያደገውም እኛው አገር ነው ለሚሉ ሊቃውንት እጅግ ተስማማ። በ1925 ሬይመንድ ዳርት ከደቡብ አፍሪካ፣ ከታውንግ፣ ትንሽ አእምሮ ያለውንና በሁለት እግሩ የሄደውን ሕፃን ሲያቀርብ ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩበት። ፒልትዳውን ነበራቸዋ! በ1953 ነገሩ ተጋለጠ። መንጋጋው የኦራንጉታን ነው፤ ጥርሱ በሞረድ ተሞርዷል፤ አሮጌ እንዲመስል ቀለም ተቀብቷል። ያጋለጠው ያው ዕቃ ነው፤ ከመጋዘን ወጥቶ እንደገና ታይቶ።

አንድ ልጨምርና ልለፍ። በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ ተራራ ሲፈነዳ ሄርኩላኒየም በምትባል ከተማ የመጻሕፍት ጥቅሎች ከሰል ሆነው ተቀበሩ። በ18ኛው መቶ ዓመት ሲገኙ ሊከፍቷቸው ሞከሩ፤ ብዙዎቹ በእጃቸው ላይ ዱቄት ሆኑ። ሳይከፈቱ የተቀመጡት ግን ቆዩ። በ2023 ከእነዚያ አንዱ ሳይነካ በጨረር ተቃኝቶ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቀለሙን ከከሰሉ ለይቶ፣ «ሐምራዊ» የምትል ቃል ተነበበች። ያነበባት ተማሪ ነው። እዚህ የተቀመጣችሁትን የሚያክል ልጅ!

ሦስተኛው፣ ስለ ሕያዋኑ። ይህን አሳጥረዋለሁ፤ ሰዓቴን በልቻለሁ።

አንትሮፖሎጂ የሚያሳፍር ታሪክ አለው፤ አንሸፋፍነው። ሳራ ባርትማን የምትባል የደቡብ አፍሪካ ሴት በ1810 ለንደን ተወስዳ ለትርኢት ቀረበች። በ1815 ፓሪስ ሞተች። አጽሟን ሙዚየም አስቀመጡት፤ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ለሕዝብ ይታይ ነበር። ወደ አገሯ ተመልሳ የተቀበረችው በ2002 ነው። ይህን ያደረጉት ወንበዴዎች አልነበሩም፤ በዘመናቸው የተከበሩ ምሁራን ናቸው። የራስ ቅል እየለኩ ዘርን ከዘር ያበላልጡ ነበር። ፍራንዝ ቦአስ የሚባል አንትሮፖሎጂስት መጥቶ በዚያው በእነሱ መለኪያ ሞገታቸው። አሜሪካ የገቡ ስደተኞችንና ልጆቻቸውን፣ ወደ 18,000 ሰው ለካ። እዚያ የተወለዱት ልጆች የራስ ቅርፅ ከወላጆቻቸው የተለየ ሆኖ ተገኘ። የማይለወጥ የዘር ምልክት ነው የተባለው በአንድ ትውልድ ተለወጠ!

ሌላም አለ። በ1996 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ኬነዊክ በምትባል ከተማ አጠገብ ወንዝ ዳር የ9,000 ዓመት ገደማ አጽም ተገኘ። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች «አባታችን ነው፤ እንቅበረው» አሉ። አንዳንድ ሊቃውንት የራስ ቅሉን አይተው እናንተን አይመስልም አሉ፤ ፍርድ ቤት ተካሰሱ። በ2015 ዲኤንኤው ተመረመረ፤ ቅርበቱ ለዛሬዎቹ ነባር ሕዝቦች ነው። በ2017 ቀበሩት። ሃያ ዓመት ሙግት! ሕዝቡን መስማት ከቤተ ሙከራ በርካሽ ይገኝ ነበር።

መስማት ስል ግን የተባለውን እንዳለ መጻፍ ማለቴ አይደለም። አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ዘንድ ተቀምጬ ስለ ሥራቸው እጠይቅ ነበር። «አሸዋው ስንት እጅ ነው?» አልኳቸው። «ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ» አሉኝ። ጻፍኩ። በማግስቱ ሲያቦኩ ቁጭ ብዬ አየሁ። አንድ እፍኝ አሸዋ ጨመሩ፤ አሹት፤ በሁለት ጣታቸው ጨመቅ አድርገው አዩት። ደግሞ ጨመሩ። ደግሞ። የነገሩኝ ልክ ካለፈ ቆይቷል። «እማማ፣ ትላንት ያሉኝ እኮ ይሄ አይደለም» ብላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ቁጥሩን የፈለግከው አንተ ነህ። የእኔን እጄ ነው የሚያውቀው።»

ውሸት አልነገሩኝም። ጠያቂ ሲመጣ ሰው መልስ ያዘጋጃል። ይህን ዊልያም ራትጄ የሚባል አርኪዮሎጂስት በ1973 በአሪዞና ግዛት፣ በቱሳን ከተማ፣ የጥንቱን ትቶ የጊዜውን ቆሻሻ በመመርመር አሳየ። ሰዎች ስንት ቢራ እንደሚጠጡ ተጠየቁ፤ ከዚያ ከየሰፈሩ የተጣለው ቆርቆሮና ጠርሙስ ተቆጠረ። ቆሻሻው ከአፋቸው ይበልጥ ይጠጣ ነበር! (ሳቅ) አንትሮፖሎጂስቱ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በትሮብሪያንድ ደሴቶች ድንኳን ተክሎ፣ ቋንቋቸውን ለምዶ፣ ዓመታት የቆየው ለዚሁ ነው። የሚሉትን ስማ፣ የሚያደርጉትን እይ፣ ሁለቱን አስተያይ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁለት ነገር ልጠይቃችሁና ልውረድ።

ለተማሪዎቼ፦ የምትቆፍሩትን ሁሉ አትጨርሱ። በ1974 ቻይና ውስጥ፣ ሺአን አጠገብ፣ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ገበሬዎች ከሸክላ የተሠራ የጦር ሠራዊት አገኙ። ሐውልቶቹ ሲቀበሩ ባለ ቀለም ነበሩ። ከእርጥቡ አፈር ወጥተው ደረቅ አየር ሲያገኛቸው የቀለሙ ሥር ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ተጨማዶ ረገፈ። ሠራዊቱ የተሠራለት የንጉሠ ነገሥቱ የራሱ መቃብር ግን እዚያው አጠገብ፣ ጉብታው ሥር፣ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም። ዛሬ የምናበላሸውን የነገ ሰው ሊያድነው ይችላል ተብሎ ነው። ሊቢ በጀመረበት ዘመን አንድ ዕድሜ ለማወቅ ብዙ ከሰል ማቃጠል ግድ ነበር፤ ዛሬ አንዲት የእህል ቅንጣት ትበቃለች። ሁሉን ያኔ አቃጥለውት ቢሆን ኖሮስ?

ለሌሎቻችሁ፦ ስታርሱ፣ መሠረት ስታስወጡ፣ መንገድ ስትሄዱ አንድ አሮጌ ነገር ብታገኙ አታንሱት። ፎቶ አንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ እስክሪብቶም ቢሆን አጠገቡ አስቀምጡ፤ ቦታውን ጻፉ፤ ቅርስ ለሚመለከተው ክፍል ንገሩ። ቀድሞ ተነሥቶ ከሆነም እባካችሁ አትጠቡት። ጥንታዊ ገንቦ ሲታጠብ ያምራል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ውስጡ ተበስሎ የነበረው ወተት ይሁን ሥጋ የሚታወቀው ግድግዳው ከመጠጠው ስብ ነው፤ በሳሙናና በሽቦ ፈትጋችሁት ካመጣችሁልኝ የሚቀረኝ ባዶ ገንቦ ነው።

ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢው ሰዓት እያሳዩኝ ነው፤ ለጥያቄ ሃያ ደቂቃ አለን። እዚያ ጥግ ላይ እጇን ቀድማ ያነሳችው ልጅ ትጀምር፤ ማይኩን አቀብሏት።